ለማጁ ማንኪራ ቀረ

ቦንጋ ላይ ዝናብ ሲጥል ሁለት ነገር ይበቅላል፤ እንጉዳይና መካሪ። እንጉዳዩ እንኳ ፀሐይ ሲነካው ይጠወልጋል። መካሪው ግን ክረምት ከበጋ ለምለም ነው። በተለይ መኪና ጭቃ ላይ ቆሞ ካየ አለቀ! ከየት መጣ ሳትሉት ከቁጥቋጦው ሥር፣ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ ይላል። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ ያደርግና «እኔ ብሆን ኖሮ...» ብሎ ይጀምራል። ጎማ በጫማው የሚነካ ሰው መኪና የለውም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚያፈርስ ካለ ይሞክር።

በድፍረት ነው የምጽፈው። ድፍረቱ አዲስ ስለሆነ ገና ከሱቅ እንደወጣ ጫማ ይጮኻል። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ሲያነቡ ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም «አንቺ ልጅ፣ የምታወሪውን ጻፊው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን ደኅንነቱ የተጠበቀ ሰው የለም። በተለይ ጋሽ አስራት።

ጋሽ አስራት የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስምሪት ክፍል ሠርተዋል። ስምሪት ማለት የትኛው ሾፌር የትኛውን መኪና ይዞ የት እንደሚሄድ ፈርሞ መላክ ነው። እሳቸው በፊርማ ያልሄዱበት የካፋ መንገድ የለም። ደካ በፊርማ ወጥተዋል፤ ቢታ ገነት በፊርማ ደርሰው በፊርማ ተመልሰዋል። መሪ ግን ጨብጠው አያውቁም። ይህ ከመምከር ሊያግዳቸው ሲገባ ጭራሽ ነፃ አወጣቸው። የነዳ ሰው የሳተውን ያስታውሳል፤ ያልነዳ ሰው ምን ስቶ ያውቃል?

መኪናው የአባቴ ነው፤ ነጭ አሮጌ ፒክአፕ። አባዬ ቢታ ገነት ስለሚያስተምር ቦንጋ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እሱ እስኪመጣ መኪናው ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ዶሮ ያሳድራል። እማዬ ደግሞ የማር ነጋዴ ናት። ማሯን ከማንኪራ፣ ከቦንጋ በታች ካለው የጫካ መንደር፣ የምታመጣው የሰው መኪና ለምና፣ ደጅ ጠንታ ነበር። የራሷ ዶሮ ያሳድራል፣ እሷ የሰው ትለምናለች! አንድ ቀን ጠዋት ተነሳችና ዶሮዎቹን አስወጣች፤ ከዚያ በቀጥታ ሄዳ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዘገበች። አወጣችም።

ጋሽ አስራት ይህን ሲሰሙ «ሴትና ጭቃ!» አሉ። በቃ ይኸው ነው። ሴትና ጭቃ ምን? ይጋባሉ? ይጣላሉ? ዓረፍተ ነገሩ ግሥ የለውም። እስከ ዛሬ ግሡን እየጠበቅሁ ነው።

ጀማሪ ነጂ መኪናው ላይ «ለማጅ» ብሎ ይለጥፋል አይደል? ሌላው ሰው በወረቀት ይጽፍና መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል። ጋሽ አስራት ግን አናጢ ዘንድ ሄደው ከወፍራም ጣውላ ሁለት ሰሌዳ አሠርተው መጡ፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። እያንዳንዱ የጓዳችንን በር ግማሽ ያህላል። በላዩ ላይ በቀይ ቀለም «ለማጅ»። ቦንጋ ላይ የሚያልፍ አውሮፕላን ቢኖር ዝቅ ሳይል ያነበው ነበር።

«ለደኅንነትሽ ነው፣ አስቴር» አሏት።

እማዬ አንድ ቃል አልመለሰችም። ሁለቱንም በሽቦ ጠፍራ አሰረቻቸው። እማዬ ዝም ስትል የሚያውቋት ጎረቤቶች ያሰጡትን ልብስ ያነሳሉ።

ዝናቡ ሲጠነክር ጋሽ አስራት አዲስ ነገር አመጡ። ቁልፉ እስከ መስከረም ድረስ ለልጃቸው ለታምራት ይሰጥ አሉ። እማዬ «አልሰጥም» አለች። አባዬ ጋ ተደወለ። አባዬ ሰላም ወዳድ ስለሆነ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ስለዚህ ማንኪራ ትፍረድ ተባለ። እማዬ ዝናብ ባለበት ቀን ማንኪራ ወርዳ፣ ማሯን ጭና፣ ራሷ ነድታ ከተመለሰች ቁልፉ የእሷ ነው።

«በገመድ ተጎትቶ የወጣ ግን» አሉ ጋሽ አስራት ጣታቸውን አንስተው፣ «መሪ የሚባል ነገር ዳግመኛ አይነካም!»

ልብ በሉልኝ፤ «የወጣ» ነው ያሉት። «የወጣች» አላሉም። ጾታ ሳይለዩ መናገር አንዳንዴ ዕዳ ያመጣል።

በማግስቱ ሦስታችንም ፊት ተደርድረን ተነሳን፤ እማዬ መሪው ላይ፣ እኔ መሀል፣ ጋሽ አስራት በታዛቢነት በበሩ በኩል። ሠርግ ሲጠሩ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ከኋላ ባዶ የማር ጀሪካኖችና አንድ ማዳበሪያ ጨው አለ። እማዬ ማር የምትገዛቸው ሰዎች ከብት ስላላቸው ጨው ትወስድላቸዋለች። ይህን ጨው አትርሱት። እኔ ልረሳው ብሞክርም የሚያስረሱኝ አላገኘሁም።

ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ማንኪራ መውረድ እንደጀመርን ምክሩ አብሮን ወረደ።

«ፎሌ አድርጊው!» አሉ ጋሽ አስራት። ማርሹን አውጥተሽ ልቀቂው ማለታቸው ነው። «ቁልቁለት ላይ ፎሌ ነው የሚያዋጣው። ነዳጅ ይቆጥባል፤ መኪናውም በገዛ ፈቃዱ ይወርዳል።»

«በገዛ ፈቃዱ የሚወርድ ከሆነ፣ ጋሼ፣ እኔ ፈቃድ ያወጣሁት ለምንድነው?» አለች እማዬ፤ ማርሹን ግን ወደ ሁለተኛ ዝቅ አደረገች።

ምክሩን ወደ ጎማው አዞሩት።

«ጎማውን ለምን አታስተነፍሽውም? ጠፍጣፋ እግር አይንሸራተትም። ዳክዬን አይተሻል?»

«ዳክዬ ማር አትጭንም።»

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ቃል ወረዱ፤ «ያዢ!» ፍሬን ያዢ ማለት ነው። ዶሮ ሲያዩ «ያዢ!»፣ ጉቶ ሲያዩ «ያዢ!»፣ የራሳቸውን ምስል በመስታወት ሲያዩ «ያዢ! ያዢ!» ይላሉ። እግራቸው እንኳ አብሮ ወለሉን ይረግጣል። እማዬ ጭቃ ላይ ፍሬን ከተረገጠ ጎማው ቆሞ መኪናው እንደሚሄድ ልታስረዳቸው ሞከረች።

«ማነው ያለሽ?»

«የመንጃ አስተማሪዬ።»

«አስተማሪሽ ማንኪራን ያውቃል?»

«ጭቃን ያውቃል።»

ደግ ደጉን ልንገራችሁ፤ በሰላም ደረስን። ማሩ ተጫነ። ከማር ሻጮቹ አንዱ ስላልነበረ የእሱ ድርሻ ጨው ተርፎ ማዳበሪያው ውስጥ ቀረ። ልንነሳ ስንል ሰማዩ ጠቆረና ዘነበ። የማንኪራ ዝናብ አያካፋም፣ አያስጠነቅቅም፤ ዕቃ የሚሸከም ሰው ደክሞት እንደሚጥለው ዱብ ነው የሚለው። መንገዱ ወዲያው ቀለጠ።

መንገዱን የምታቋርጠውን ትንሽ ወንዝ ተሻግረን ከፊታችን ዳገቱ ተደቀነ። እማዬ ሞተሩን አጥፍታ፣ ቁልፉን ነቅላ ወረደችና መንገዱን በእግሯ እየረገጠች ታየው ጀመር። ጋሽ አስራት ጃንጥላ ይዘው ተከተሏት። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እኔን ብቻዬን መተው ደግሞ ስህተት ነው።

በስልኬ አንድ ቪዲዮ አይቻለሁ። አንዲት ፈረንጅ የሚያንሸራትት መንገድ ላይ ጨው ስትበትን ታሳያለች፤ ከዚያ መኪናዋ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መንገዱ ነጭ ነበር። እኛ ጋ በረዶ ማለት ጣራ ደብድቦ የሚቀልጥ ነገር ስለሆነ ነጭነቱን ልብ አላልኩትም፤ ድንጋይ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ያየሁት «ያንሸራትታል፣ ጨው፣ አያንሸራትትም» የሚለውን ብቻ ነው። ማዳበሪያውን ተሸክሜ በቁጥቋጦው በኩል ወደ ዳገቱ ወገብ ወጣሁና እንደ ጤፍ ዘሪ ግራና ቀኝ በተንኩት። ስመለስ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! እናቴን ያዳንኩ መሰለኝ።

እማዬ ተመልሳ አስነሳች። ሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ፣ ፍሬን የለም፣ ችኮላ የለም። መኪናው ዳገቱን እንደ ድመት ይወጣ ጀመር። ጋሽ አስራት ሳይቀሩ ምክር ጠፋባቸው። ሊያልቅልን ነበር እኮ! አንዲት ቀይ ላም ከጫካው ብቅ ባትል ኖሮ።

ላሟ መሬቱን አሸተተች፣ ላሰች፣ ቀና ብላ ጮኸች። ጩኸቷ የጥሪ ካርድ ነው። እህቷ መጣች፣ የእህቷ ልጅ መጣች፣ አማቾቿ መጡ። መንገዱ በቀንድ ተሞላ። እማዬ ጥሩንባ ብትነፋ ምስጋና መሰላቸው፤ አንዷማ ጎማውን ራሱን ትልስ ጀመር። ከመቆም በቀር ምን ምርጫ አለ? ቆምን። ቆመን ስንነሳ ጎማው ባዶውን ተሽከረከረ።

የላሞቹ ባለቤት በዱላ ተደግፎ ደረሰ። «ማነው መንገድ ላይ ጨው የበተነው?»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። ጋሽ አስራት ወደ እኔ ዞሩ። ቀይዋ ላም እንኳ ወደ እኔ ዞረች፤ እሷ ግን በፍቅር ነው።

«ሳይንስ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ሳይንስ ነው» አለ ሰውየው ላሞቹን እየነዳ። «ነገም አምጪልን።»

ላሞቹ ሄዱ፣ መካሪዎቹ መጡ። ወደ ቦንጋ ገበያ የሚወጣው ሰው ሁሉ ዙሪያችንን ከበበ። ጎማው በጫማ ተነካካ። አንዱ «ጋዙን እስከ መጨረሻ ስጪው!» አለ። እማዬ እንቢ አለች። «ኮባ ይነጠፍ!» አለ ሌላው፤ እሷ መልስ ሳትሰጥ የእንሰት ቅጠል እየተቆረጠ ጎማው ሥር ተነጠፈ። የእንሰት ቅጠል ለብዙ ነገር ይሆናል፣ እኔ አልክድም። ዝናብ የነካው ኮባ ጎማ ሥር ሲገባ ግን ሳሙና ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር ቅጠሉ በሙሉ ተምዘግዝጎ ሄደና ከኋላ የቆሙትን ጋሽ አስራትን ከነኮታቸው አለበሳቸው።

«ክብደት ነው ያጣው!» አሉ ቅጠሉን ከፊታቸው እየገለጡ። «ኋላው ቀሎ ነው። ሰው ይጫንበት!»

ይህን ያሉት ዝናብ ላይ በእግሩ ለሚሄድ ገበያተኛ ነው። በአንድ አፍታ ፒክአፑ ሞላ። ሙዝ የተሸከመች ወጣች፣ በግ የያዘ ወጣ፣ እትዬ ወርቄ የሚባሉ ሴት ዶሯቸውን አቅፈው ወጡ።

«እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«እኔማ የትም አልሄድ ልጄ። ክብደት ነኝ።»

«ዶሮዋስ?»

«እሷም አቅሟን ታግዛለች።»

ጋሽ አስራት ከፊት ለፊት ቆመው በጃንጥላቸው ይመሩ ጀመር። «ነይ! ነይ! ቁረጪ! መልሺ!» መኪናው ተንቀጠቀጠ። ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ድንገት መሬት ነከሰ። ጎማ መሬት ሲነክስ በእኛ አገር «ያዘ» ይባላል። ጋሽ አስራት በደስታ ዘለሉ፤ ባላቸው ጉልበት ጮኹ፦

«ያዘ! ያዘ!»

አሁን እዚህ ላይ ሦስት ነገር አስቡ። ሞተሩ ይጮኻል። ጋሽ አስራት የፊት ጥርሳቸው ስለወለቀ «ዘ» እና «ዠ» በአንድ በር ነው የሚወጡት። እማዬ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ «ያዢ!» ስትባል ውላለች። ማዳመጥ ያቆመው ጆሮዋ ነው እንጂ እግሯ አይደለም። እግሯ ሰማ። ፍሬኑን ያዘች።

መኪናው በዝግታ፣ ከነክብደቱ፣ ከነበጉ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተና የኋላ ጎማዎቹን ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ አፋፍ ላይ ቀበረ። ክብደቱ ሁሉ እየጮኸ ወረደ።

«ምን ነካሽ? ያዘ እኮ ነው ያልኩሽ!»

«ያዢ ነው ያሉኝ!»

«ያዘ!»

«ይኸው ያዝኩልዎ!»

ገላጋይ ሆኜ ገባሁ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ኃላፊ ጊዜ ነው፤ እማዬ የሰማችው ትእዛዝ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ "ይዟል" ቢሉ...»

«ዝም በይ አንቺ! የጨው ነጋዴ!»

በዚህ መሀል ከዳገቱ ጫፍ አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ሾፌሩ ቁልቁል አይቶን ሳቀ፤ ከዚያ ወፍራም ገመድ በትከሻው ጠምጥሞ ወረደ። ጋሽ አስራት ገመዱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «እግዜር ነው የላከህ! እሰር ልጄ፣ እሰር!»

ገመዱ ከታሰረ ቁልፉ ሄደ። ቁልፉ ከሄደ መኪናው የታምራት፣ እማዬ እንደገና የሰው በር አንኳኪ፣ «ሴትና ጭቃ» ደግሞ ግሡን ሊያገኝ ነው። ጨው የበተንኩት እኔ! ማልቀስ ፈለግሁ፤ ግን ዝናቡ ስለቀደመኝ ተውኩት።

እማዬ ከመኪናው ወረደች። ቁልፉን ነቅላ በመዳፏ ጨብጣዋለች።

«ገመዱን ያዝልኝ ወንድሜ» አለችው ሾፌሩን። «የቸገረኝ ገመድ አይደለም፣ ዝምታ ነው። ቅጠሉን አንሱልኝ። ማንም መኪናው ላይ እንዳይወጣ። ጋሼ፣ እርስዎም ወደ ዳር። እና ማንም ሰው፣ ሰምታችኋል? ማንም ሰው ያዘም ያዢም እንዳይል!»

አንድ ሽማግሌ «እኔ ብሆን ኖሮ...» ብለው ጀመሩ። እማዬ አየቻቸው። ሳይሆኑ ቀሩ።

ከዚያ መኪናዋን ዞር ብላ አየች፤ ዓይኗ ፊት ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ አረፈ። ወፍራም ጣውላ። የጓዳ በር ግማሽ። ፈገግ አለች። ከወንበሩ ሥር ፒንሳ አውጥታ ሽቦውን ቁርጥ፣ ቁርጥ፣ የፊቱንም የኋላውንም።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ጋሽ አስራት። «ለማጅ እኮ ሕግ ነው!»

«ለደኅንነቴ ነው ያሉኝ አይደል? እስኪ ደኅንነቴን ይጠብቁ።»

ዶማ ተበድረን ጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ ጠረግን፤ እኔ በእጄ ጭምር። ሰሌዳዎቹን አንዳንድ እያልን ከየጎማው ሥር አስገብተን አጣበቅናቸው። ጽሑፉ ወደ ላይ ነው፤ ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ጨውን ባይክስም ይመዝገብልኝ።

እማዬ ገባች፤ መስታወቱን እስከ ላይ ዘጋች። ሞተሩ ተነሳ። ያ ሁሉ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ምክር ሲታመቅ እንዴት እንደሚያሳብጥ ያን ቀን አየሁ። እትዬ ወርቄ የዶሯቸውን አፍ በመዳፋቸው ከድነዋል። ጎማው ቀስ ብሎ «ለ»ን ረገጠ። «ማ» ላይ ወጣ። «ጅ» ላይ ትንሽ አመነታ። ጣውላው ሲጥ አለ፣ ወደ ጭቃው ሰመጠ፣ መኪናው ግን ላዩ ላይ ወጥቶ አለፈ! አለፈና ሽቅብ ወጣ፤ ሳይቸኩል፣ ሳይቆም።

ይህን እያዩ ዝም ማለት ለጋሽ አስራት ከአቅም በላይ ነበር። ከመኪናው ጎን ጎን እየሮጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ «ያ...» አሉ፣ እና ጠፉ። ኮባው ላይ ረግጠው ነው። ያ እሳቸውን ያለበሳቸው ኮባ። ቦዩ እስከ ወገባቸው ተቀበላቸው።

በእጅ ቢስቧቸው እንቢ አሉ፤ እሳቸው አይደሉም፣ ጭቃው ነው። የጭነት መኪናው ሾፌር ትከሻው ላይ ያለውን ገመድ አየ፣ ጋሽ አስራትን አየ። «አንዴ አውርጄዋለሁ፣ ባዶውን አይመለስም» አለና በብብታቸው ሥር አሰረላቸው። ገበያተኛው ሁሉ ጎተተ። አንድ ጫማ ትተው ወጡ።

«በገመድ ተጎትቶ የወጣ...» ልል ስል እማዬ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሆና በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። ብዕር ግን አፍ አይደለም።

ከነጭቃቸው ፊት መቀመጥ ስላልቻሉ ጋሽ አስራት ከእኔና ከገበያተኛው ጋር ከኋላ ወጡ፤ በማር ጀሪካኑና በበጉ መሀል። መንገዱ ከጠነከረ በኋላ እማዬ ራሷ ናት ገበያተኛውን የጫነችው።

«ጋሼ፣ እርስዎም ክብደት ሆኑ?» አሉ እትዬ ወርቄ።

ጋሽ አስራት ከኮታቸው ላይ ጭቃ ያራግፉ ጀመር። ከአስፋልቱ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ዳገት ላይ ስንደርስ መኪናው አንዴ ተንሸራተተ፣ እማዬ መሪዋን ለስለስ አድርጋ መለሰችው፣ ጎማው መሬት ነከሰ። ያኔ ጋሽ አስራት፣ ለማንም ሳይሆን ለበጉ፣ በለሆሳስ «ያዘ» አሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኃላፊ ጊዜ ነው።

ማታ አባዬ ደወለ። ስልኩን ጋሽ አስራት አነሱት።

«እህሳ፣ በገመድ ነው የወጣችው?»

«መኪናው አልተጎተተም» አሉ ጋሽ አስራት፣ እግራቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው። «ገባች። ነድታ ገባች። ቁልፉን እኔ ምን አገባኝ፣ እሷ ጋ ነው።» ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን አላስቻላቸውም። ግቢው ውስጥ የቆመውን መኪና በመስኮት አዩና «አስቴር» አሉ፣ «ነገ ያለ ለማጅ ልትወጪ ነው? ሰሌዳዎቹስ?»

እማዬ ቁልፉን ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር ሰቀለችው። የራሷ ምስማር ላይ።

«ማንኪራ ናቸው፣ ጋሼ። ለማጅ ካለ ሄዶ ያውጣቸው።»